የሹም ወንበርና የዋሽንት ማይክሮፎን፤ ከጉለሌ እስከ ሞጣ

ከሞጣ በተመለስሁ ማግሥት የማኅበራችን ሴቶች ከበው «ንገሪን» አሉኝ። ደኅና ሄድሁ፣ ደኅና ገባሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ዝም አልሁ። አልተዉኝም። «እኛ ዓባይን የምናየው በሕልም ነው፤ አፍሽ ከሰነፈ እጅሽ ይጻፍልን» አሉ። ስለዚህ ይህን ጻፍሁ። ያጋነንሁት የለም። ያየኋቸው ሰዎች ራሳቸው ተጋንነው ስለ ቆዩኝ ድካሜን አቃለሉልኝ።

መነሻዬ ስለት ነው። ልጄ ታረቀኝ ሳንባውን ታሞ አንድ ዓመት ሙሉ ተኝቶ ነበር። በዚያ ዓመት ሥራዬ ትንፋሹን ማዳመጥ ነበር። ጆሮዬን ከጀርባው አስጠግቼ ገባ፣ ወጣ እላለሁ። እናቴ የምትምለው በሞጣ ጊዮርጊስ ነበርና፣ ደጁን ሳላውቀው «ትንፋሹን መልስልኝ፤ ጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ተሳልሁ። መለሰለት። ልጄም በተመለሰለት ትንፋሽ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ዋሽንቱን ከተሰቀለበት አውርዶ መንፋት ነው። ሐኪሙ ተቆጣ። እኔ ግን የተሰጠውን ይጠቀምበት አልሁ።

ከዚያ በኋላ በአንድ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ለሙከራ ገባ። ጓዱ በጥር ወር በቢቸናና በሞጣ ትምህርት ቤቶች ተጋብዞ ሲነሣ፣ እኔም ጥላዬን ይዤ ከአውቶቡሱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከጉለሌ እስከ ደጀን

ከመነሣታችን በፊት የጓዱ አለቃ ሁሉንም ሰብስቦ ንግግር አደረገ። እርሱ አጭር ነው፤ ንግግሩ ረዥም ነው። በመጨረሻ ወደ ልጄ ዞረ።

«ታረቀኝ፣ በደብረ ብርሃን አልተሰማህም። በናዝሬትም አልተሰማህም። በዚህ ጉዞ ካልተሰማህ ዋሽንቱን ትተን በሳክስፎን ብቻ እንሠራለን።»

ልጄ «እሺ» አለ። ከእኔ የወሰደው ነው፤ ብዙ አይናገርም። በቀለ የሚባለው የማይክሮፎን ሠራተኛ ግን ሽቦውን እየጠቀለለ፣ «እርሱ እኮ ይነፋል፤ ማይክሮፎኑን የምንተክልበት ቦታ ነው የሚነሡን» ብሎ አጉረመረመ። አለቃው አልሰማም። ለበቀለም ማይክሮፎን ያስፈልገው ነበር።

ጓዱ ሦስት ማይክሮፎን አለው። አንዱን ዘፋኟ በእጇ ትይዘዋለች። አዲሱና ጥሩው የሳክስፎኑ ነው። ሳክስፎን ማለት ከጉለሌ ቢነፉት እንጦጦ የሚሰማ ነገር ነው፤ ቢሆንም ያብረቀርቃልና ጥሩው ለእርሱ ተሰጠ። አንገቱ በፕላስተር የታሠረው አሮጌው ለዋሽንት ደረሰ። በአገራችን እንዲሁ ነው። ለሚጮኸው ማጉያ ይጨመርለታል፤ ቀስ ብሎ የሚናገረው «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ይባላል።

ሾፌሩ በጨርቅ የተጠቀለለውን ጥላዬን ከማይክሮፎን ማቆሚያዎቹ ጋር አስሮ ጣሪያው ላይ ጫነው። «ይህ የቤተ ክርስቲያን ነው» አልሁት። «ጣሪያው ላይ ሁሉም እኩል ነው፣ እማማ» አለኝ።

ፍቼ ላይ ምሳ በላን። ወጡ ከጉለሌው ይቀጥናል፤ ያቀረበችው ሴት ግን ከጉለሌዎቹ ይልቅ ትስቃለች። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ አየሩ እንደ እቶን ሆነ፤ በውስጥ ያለው ሁሉ ጸለየ። ያልጸለየው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ፈላና ቆምን።

ከወንዙ ውሃ በአህያ ጭኖ የሚወጣ ሰው ደረሰብን። ምንም ሳይጠይቅ ጭነቱን ፈትቶ ውሃውን በሞተሩ ላይ አፈሰሰ። አለቃው አመስጋኝ መስሎ ንግግር ሊጀምር ሲል ሰውዬው አቋረጠው። «ተወው፣ የክርስቲያን መኪና በጥም ይሙት?» አለና ባዶውን ጭኖ እንደገና ወደ ወንዙ ወረደ። እኛ ያን ዳገት በመኪና ወጥተን ደከመን አልን።

ደጀን አደርን። አልጋው ሰፊ ነበር፤ ቁንጫዎቹም ብዙ ስለሆኑ ስፋቱ አስፈልጓቸዋል። የጉለሌ ቁንጫ ሰው ሲነሣበት ይሸሻል። የደጀኑ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ እስከ በር ይሸኛል።

ሁለተኛው ቀን፤ ቢቸና

ከደጀን ወደ ቀኝ ታጥፈን አቧራ ስንበላ ቢቸና ገባን። ማደሪያ ተከፋፈለ። ለእኔ የደረሰኝ ከሐረር ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ቤት ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ፋጡማ ገና ስገባ የአንገቴን መስቀል አየች። «ነገ ረቡዕ ነው፤ ይጾማሉ። ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት አለኝ፣ አይሥጉ» አለችኝ። እኔ ገና ጫማዬን አላወለቅሁም። በሰፈሬ ጾሜን የሚያስታውሱልኝ ክርስቲያኖች እንኳ ብዙ አይደሉም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሄድን። ዴስኮች ተገጣጥመው መድረክ ሆነዋል። በመድረኩ ፊት ለፊት ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ ትልቅ ወንበር፣ በወንበሩ ላይ አንድ ሹም። ስማቸውን አልጽፍም፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፋቱን ሁሉ አጋፋሪያቸው ይዞላቸው ነበር። ከራሱ የሚረዝም በትር አለው፤ ሲናገርም በትሩ ነው የሚናገር የሚመስለው።

የመጀመሪያው ጉድ በእኔ ደረሰ። ዕቃው ከጣሪያ ሲወርድ አጋፋሪው የጥላዬን ጥቅል ፈታ። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ። «ለጌታዬ አምጥታችሁላቸዋል? ብልሆች ናችሁ!» ብሎ ዘረጋውና ከሹሙ ራስ በላይ ያዘው። ተነሥቼ ምንጣፉን ረግጬ ሄድሁ።

«ወዴት ነው፣ እመቤት?» አለ አጋፋሪው።

«ጥላው የሞጣ ጊዮርጊስ ነው» አልሁ።

እንደዚያ ፈጥኖ የተነሣ ሹም አይቼ አላውቅም። አማተቡና ፀሐዩ ላይ ቆሙ። «እናቴ፣ ሰማዕቱ ሳያየኝ ቶሎ ይጠቅልሉት» አሉኝ። ጠቀለልሁት። ሹም ከወንበሩ የማይነሣ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ይነሣል።

ከዚያ የልጄ ተራ ሆነ። በቀለ ማይክሮፎኑን በማቆሚያው ላይ አድርጎ፣ ከዋሽንቱ ቀዳዳዎች ትይዩ፣ ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ ከታረቀኝ ፊት ተከለው። አጋፋሪው በበትሩ ቀጭ አደረገው።

«በጌታዬ ፊት ብረት ይገተራል?»

«ድምፁ የሚወጣው ከዚህ ከቀዳዳዎቹ ነው፣ ጌታው» አለ በቀለ።

«ድምፁ ይውጣ፤ ብረቱ ይውረድ!»

በቀለ ልጄን በትከሻው ይዞ ወደ ጎን አዞረውና ማይክሮፎኑን ከዚያው ከፊቱ አደረገው። አሁን ሹሙን የሚጋርድ የለም። አጋፋሪው ይልቁን ባሰበት።

«ለጌታዬ ጎን ይሰጣል? ሰው አይደለም እንዴ ያሳደገህ? ቀጥ በል!»

ያሳደግሁት እኔ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ሰማሁ።

ልጄ ቀጥ ብሎ ሹሙን ትይዩ ቆመ። ብረቱ እስከ መሬት ዝቅ ተደረገ። ታረቀኝ ነፋ። ማይክሮፎኑ ከዋሽንቱ ጫፍ በታች እንደ ጠገበ ውሻ ተኝቶ ምንም አልሰማም። ሹሙና ምንጣፉ ሰሙ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ የጣቱን መንቀሳቀስ ብቻ አየ። አንዱ፣ «እየነፋ ነው ወይስ ቀዳዳ እየቆጠረ?» አለ።

አለቃው «አፉ ላይ አድርገው!» ብሎ ጮኸ። በቀለ ራሱን እየነቀነቀ በጎን በኩል ከከንፈሩ ሥር ደቀነው። ድምፅ ማጉያው ፉ፣ ፉ፣ ፍፍፍ አለ። ዜማው ከነፋሱ በታች ተቀበረ።

«ምነው ልጄ፣ እንጨቱ እርጥብ ሆነብህ?» አለ አንድ ሽማግሌ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ለሳቁ ማጉያ አላስፈለገም።

ያ ፉፉታ በሕመሙ ጊዜ ከጀርባው የማዳምጠው ድምፅ ነበር። እኔ በእንባ የለመንሁትን ትንፋሽ ቢቸና ሳቀችበት። አልተቀየምሁም ልል ነበር፤ ጾመኛ መዋሸት የለበትም።

አለቃው ልጄን ጠርቶ «ሞጣ የመጨረሻህ ነው» አለው። «እሺ» አለ።

ሦስተኛው ቀን፤ ግንደወይን

ጾሜን የምፈታበት ሰዓት ሲደርስ ወይዘሮ ፋጡማ በገባችው ቃል መሠረት ሽሮ አቀረበች። ጣፈጠኝ። ስነሣ ዳቦና የተቆላ ሽንብራ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ጠዋቱን ሙሉ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር የነበረው ሽንብራ ስትፈልግ መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምንም አልነበረኝም።

ግንደወይን ሳንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ጎማውን፣ አለቃው ሾፌሩን ሲያስተካክሉ፣ እኔ በቀለን ከዛፍ ሥር ጠራሁት፤ ልጄም ዋሽንቱን ይዞ ተከተለው።

«እስቲ ንገረኝ። ማይክሮፎኑ የቱ ጋ ነው መሆን ያለበት?»

«ማይክሮፎን ማለት ደንቆሮ ጆሮ ነው፣ እማማ። አጠገቡ ያለውን ብቻ ይሰማል። እርስዎ በጆሮዎ ይሞክሩት።»

ታረቀኝ ነፋ። ጆሮዬን ከዋሽንቱ ጫፍ ሥር አደረግሁ። ጣቶቹ ቀዳዳውን ሁሉ ሲዘጉ ብቻ አንድ ወፍራም ድምፅ ይመጣል፤ ሌላው የለም። ከከንፈሩ አጠገብ አደረግሁ። ነፋስ። ቀዳዳዎቹን ትይዩ ትንሽ ራቅ ስል ዜማው ምሉ ሆኖ መጣ።

«ክላርኔትም እንዲሁ ነው» አለ በቀለ። «ሰዎች ከታች ከሰፊው አፉ ሥር ይተክሉለታል። ድምፁ ግን በቀዳዳዎቹ በሙሉ ነው የሚወጣው፤ ማይክሮፎኑ መካከሉን ነው ማየት ያለበት። ሳክስፎንም አካሉ ናስ ይሁን እንጂ በሚነፋበት ጫፉ ያለችው የሸንበቆ ቁራጭ ናት፤ ዘሩ ከዋሽንትና ከክላርኔት ነው። ጉሮሮው ሰፊ ስለሆነ የትም ቢተክሉበት ያልፍለታል።»

«ይህን ለአለቃህ ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ለአጋፋሪው ንገረው አለኝ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ወይ ብረቱ ከፊት ይቁም፣ ወይ ልጁ ወደ ጎን ይዙር፣ ወይ ሹሙ ይነሡ» አለና ሦስተኛውን ሲል ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ግንደወይን ያሳደሩን ባልና ሚስት አልጋቸውን ለእኔ ለቀው መደብ ላይ ተኙ። ጠዋት ስማቸውን ስጠይቅ «ለምን?» አሉኝ። በጸሎቴ እንዳስባችሁ ነው አልሁ። ያን ጊዜ ነገሩኝ። በእኛ ሰፈር አንድ ጣሳ ውሃ የሰጠ ሰው ስሙን ሳይጠየቅ ይናገራል።

አራተኛው ቀን፤ ሞጣ

ሞጣ ስገባ እናቴን አሰብሁ። ስለ ከተማው ብዙ አልጽፍም፤ መጀመሪያ ያየሁት የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልፈለግሁም።

ባለ ስለት ናት ሲባል አንዲት አሮጊት መጥተው ጥላዬን በጨርቁ ላይ ተሳለሙና «ይህቺ የእኔ እንግዳ ናት» ብለው ወሰዱኝ። እማማ ጥሩነሽ ይባላሉ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። እግሬን ካላጠብሁ ብለው ታገሉኝ፤ እኔም እርስዎ ታላቄ ነዎት ብዬ ታገልሁ። በመጨረሻ አጠቡኝ። ያን ዕድሜና ያን ጉልበት አንድ ላይ አይቼ አላውቅም።

በወሬ መካከል የሞጣው ሹም የጡት ልጃቸው መሆኑን ነገሩኝ። ወላጅ እናቱ በአራስነቷ ታማ ስለ ነበረች እርሳቸው ናቸው ያጠቡት።

«ሹም እንደሚሆን ያኔ ነው ያወቅሁት» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ጥርስ ሳያበቅል ይነክስ ነበር።»

ስለ ቢቸናው ጠየቁኝ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጥቂት ነገርኋቸው። አልለመንኋቸውም።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ልጅሽ ከፊቱ ብረት ካልቆመ አይሰማም። ልጄ ደግሞ ከፊቱ ብረት ከቆመ ይቆጣል።»

«ልጅዎ ሳይሆኑ አጋፋሪው ነው የሚቆጣው።»

«ያው ነው። ልጄ ለመቆጣት ይሰንፋል፤ ለዚያ ሰው ቀጥሯል።»

ታረቀኝን አስጠርተው አስነፉት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲጨርስ መረቁት፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «ነገ ወገቤን ሊያመኝ ነው» አሉ። ሕመም ቀጠሮ ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቅቤ ላምጣ፣ ልሽዎት ስል፣ «ተይው፤ ነገ ነው አልሁሽ» አሉኝ።

አምስተኛው ቀን፤ የጊዮርጊስ ዕለት

ማለዳ ሄጄ ስለቴን ሰጠሁ። ካህናቱ ጥላውን ዘረጉት። በቢቸና ከወንበር በላይ አስቀያሚ የነበረው በቦታው ሲውል አማረ። ሌላውን አልጽፍም፤ በእኔና በሰማዕቱ መካከል ነው።

ከሰዓት በኋላ በሞጣ ትምህርት ቤትም እንደ ቢቸናው፤ ያው ግቢ፣ ያው ዴስክ፣ ያው ምንጣፍ፣ በላዩም ሹሙ በወንበራቸው። አጋፋሪው ሌላ ሰው ነው፤ በትሩ ግን የቢቸናው ወንድም ይመስላል። ሳክስፎኑ ጮኸ፤ ዘፋኟ ዘፈነች፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ታረቀኝ ወጣ። በቀለ ብረቱን ከፊቱ ተከለ። አጋፋሪው መጣ።

«በጌታዬ ፊት?»

በቀለ ክርክሩን ያውቀዋልና ብረቱን ወደ መሬት ዝቅ አደረገው። አለቃው ከመድረኩ ጥግ ሆኖ ልጄን አየው፤ ከዚያ ሳክስፎኑን አየ። እኔ ጸለይሁ። ጸሎቴ አጭር ነበር።

ያን ጊዜ እማማ ጥሩነሽ በምርኩዛቸው እየተደገፉ በግቢው በር ገቡ። ሕዝቡ መንገድ ሰጠ። ወደ ምንጣፉ ይሄዳሉ ሲባል ወደዚያ አልሄዱም። ዞረው ከመድረኩ ጎን፣ ከግድግዳው ሥር ያለች ድንጋይ ላይ «ውይ ወገቤን!» ብለው ተቀመጡ።

ሹሙ አዩአቸው። በዚያ አገር የጡት እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጡት ልጅ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ቢቀመጥ ወሬው ከልጅ ልጁ ይደርሳል። ሹሙ ከወንበራቸው ተነሡ።

«እናቴ፣ ወዲህ ይምጡ እንጂ። ቦታዎ እዚህ ነው።»

«አልችልም፣ የኔ ጌታ። ወገቤ ተሰብሯል። አንተ ተመቻችተህ ተቀመጥ፤ እኔ እንደ ሆንሁ ድንጋይ ይበቃኛል። ሳጠባህም ድንጋይ ላይ ነበርሁ።»

የመጨረሻውን ቃል ጮክ አድርገው ነው የተናገሩት። ያለ ማይክሮፎን እስከ አጥሩ ተሰማ። ሹሙ ምንጣፉን ትተው ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው የእማማን ጉልበት ሳሙ፣ አጠገባቸው ቆሙ። ወንበሩን ሁለት ሰዎች ተሸክመው አመጡ። እማማን በወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው፤ ሹሙ በድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ወገባቸው ለመነሣት እምቢ ያለውን ያህል ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ አላስቸገረም።

በቀለ ጊዜ አላጠፋም። ብረቱን አንሥቶ፣ ከቀዳዳዎቹ ትይዩ፣ ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ ተከለው። ብረቱ ቆመ፤ በባዶ ምንጣፍ ፊት። ጎን የሰጠ የለም፤ ወደ ጎን የመጡት ሹሙ ራሳቸው ናቸው።

አጋፋሪው ግን ሩጦ በመድረኩና በሹሙ መካከል ገባ። ልጄን በበትሩ እያመለከተ፣ «አንተ! ወደ ጌታዬ ዙር!» አለ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ እማማ ጥሩነሽ፣ «ጋረድኸን። ቁጭ በል!»

አጋፋሪው ሹሙን አየ። ሹሙ እማማን አዩ። «ቁጭ በል ተብለሃል» አሉት። የሚቀመጥበት አልነበረምና በትሩን ታቅፎ መሬት ተቀመጠ። ሞጣ ሳቀ፤ የዛሬው ሳቅ በልጄ አልነበረም።

ታረቀኝ ነፋ። ከፊት ያሉት ሰሙ። ከኋላ የቆሙት ሰሙ። ከአጥሩ ውጭ እህል ጭነው የሚያልፉ ሰዎች አህዮቻቸውን አቁመው ሰሙ። ሲጨርስ ድገም አሉት፤ ደገመ። አለቃው ወደ እኔ ቀርቦ፣ «እኔም እኮ ያልሁት ይህንኑ ነበር» አለኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁት። ለልጄም «ሙከራህ አልቋል፤ ከእኛ ነህ» አለው። ልጄ «እሺ» አለ።

የመልሱን መንገድ አልጽፍም፤ ያው አቧራ ነው። እማማ ጥሩነሽን ስሰናበት ወገብዎ እንዴት አደረ አልኋቸው። «ጊዮርጊስ ማረኝ» አሉ። ጸሎቴ ላይ የጨመርኋቸው ስሞች ብዙ ናቸው፤ ፋጡማም አለችበት፤ ባለ አህያው ስሙን አልነገረኝምና ባለ አህያው እላለሁ።

በሞጣ ግቢ አንድ ነገር ብቻ አልሰማሁም። ዜማው ሁሉ በማጉያው ሲመጣ ትንፋሹ አብሮ አልመጣም። በሕመሙ ዓመት ትንፋሹን ካልሰማሁ ብድግ እል ነበር። በሞጣ አልሰማሁትም፤ ተቀምጬ ቀረሁ።